የሰዓዳ ደም በጤናዋ ዘመን፦ ከሐዋሳ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ

ከወሎ ከተመለስኩ አራት ወር ሊሆነኝ ነው። እዚህ ሐዋሳ የማስተምራቸው የላብራቶሪ ተማሪዎችም፣ አብረውኝ የሚጸልዩ እህቶችም «አገሩ እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ደሴን አይተው አያውቁም፤ ምናልባትም አያዩትም። በየተራ ስነግራቸው ለአንዱ የተናገርኩትን ለሌላው እየረሳሁ ስለተቸገርኩ ከነቀኑ ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ። የሄድኩት ጓደኛዬን ለማስታመም ነበር። እዚያ ስደርስ ግን ሥራው ሌላ ሆነ።

ቅዳሜ

ሰዓዳና እኔ ወጣት ሳለን አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት አብረን ተምረናል፤ እኔ ላብራቶሪ፣ እሷ ጽሕፈት። በረመዳን ለሱሑር የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ፤ እሑድ ለአምልኮ ስዘገይ የምታባርረኝ ደግሞ እሷ ነበረች። ትምህርቱን ስንጨርስ እሷ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በጸሐፊነት ገባች፣ በኋላም ይመር የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አግብታ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ኖረች። ባለፈው ዓመት ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘባትና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ ስድስት ዙር ኬሞ ታዘዘላት። ሁለቱን ወሰደች። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ።

«ምሕረት፣ ዛሬም መለሱኝ» አለች።

«ለምን?»

«ደሜ እምቢ አለ። ነጩ ሴል አንሷል፣ በዚህ ላይ መድኃኒቱን ብንሰጥሽ ኢንፌክሽን ይገድልሻል አሉኝ። ይኼ ሦስተኛው ሳምንት ነው።» ቀጥላም «ከእንግዲህ አልሄድም ብዬ አስቤያለሁ» አለችኝ።

ከኮሌጁ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቅኩ። ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ጎረቤቴ የጋገረችውን ቆጮ በኮባ ቅጠልና በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩ። የሞጆን መንገድ ጨርሼ አዲስ አበባ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ እህቴ ቤት አደርኩ።

እሑድ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። እሑድን ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ያሳለፍኩበትን ቀን አላስታውስም፤ መዝሙሩን በልቤ እያልኩ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ። እኛ አገር ብርድ ማለት ከዝናብ በኋላ ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ነው፤ ይኼ ግን አጥንት የሚፈልግ ነው። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወዲያኛው ጫፍ ስንወጣ ጉም ስለነበር ሾፌሩ በዝግታ ነዳ። ከዚያ ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ።

ምሳ የበላነው እዚያ ነው። ሽሮ አዘዝኩና የዋጋውን ዝርዝር ለማንበብ ያወጣሁትን መነጽር ጠረጴዛው ላይ ትቼው ተነሳሁ። ከሚሴ አካባቢ ለፍተሻ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ ስናሳይ ነው የታወቀኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ «ልጄ፣ የጠፋሽን መነጽር አላህ ይተካልሽ፤ ይኼ የያዝሽው ግን ምንድን ነው?» አሉኝ። ቆጮው በሙቀቱ ኮምጥጦ ሽታው አውቶቡሱን ሞልቶት ኖሯል። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። «ከእንሰት? ሥሩን ትበሉታላችሁ?» ብለው ተገረሙ። ከዚያ በኋላ ግን ሻርፓቸውን አወረዱ። እንግዳ እንዳያፍር ይመስለኛል።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የተኛች ሞቃት ከተማ ናት፤ በዚያ በኩል ሐዋሳን ትመስላለች፣ ሐይቁ ብቻ ነው የጎደላት። ከእሷ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ደሴ የደረስነው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የእኛ ከተማ በብስክሌት ይዞራል። ደሴ ግን ሰው ቤቱ ለመግባት ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ በታች ነው። ይመር መናኸሪያው በር ላይ ጋቢ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ሰላምታ ሳንጨርስ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

ሰዓዳ በር ድረስ ወጣች። ራሷን በነጭ ሻሽ አስራለች፤ ፊቷ ትንሽ ሆኗል። ተቃቅፈን ስንቆም ትከሻዋ እጄ ውስጥ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድና የተቀቀለ ጉበት ተደርድሯል። «ደም ይሠራል የተባለው ሁሉ ነው» አለች። «ጎረቤት ሁሉ ያመጣል። እበላለሁ፣ ሄጄ እመረመራለሁ፣ ያው ነው። እኔ እንጃ፣ ደሜ ወደ ውስጥ እያለቀ ይሆናል።»

ቆጮውን አወጣሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ይመር ቆርሶ አኘከ፣ ረጅም ጊዜ አኘከ፣ ከዚያ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ እንደ ብዙ ቀን ሊጥ ነው» አለ። ሰዓዳ ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ሰኞ

ወደ ሆስፒታሉ የሄድነው በሰኞ ገበያ በኩል ነው። የገበያው ቀን ስለነበር መኪና አያሳልፍም፤ ወርደን በእግር ገባን። ሰዓዳ በሰው መካከል ስትሄድ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ኢንፌክሽን ይገድልሻል ከተባለች ወዲህ ሰው ትፈራለች። የሚያውቋት ነጋዴዎች «አሰላሙ አለይኩም ሰዓዳ፣ አፊያ ነሽ?» እያሉ ሲጠጓት ወደ ኋላ ትላለች፤ ከዚያ ታፍራለች።

ደሟ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ክፍል አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ከእኔ ልጅ ብዙ የማትበልጥ፣ ዓይኗ ሥር በድካም የጠቆረ ሴት ናት። ወረቀቱን አየችና «አንድ ሺህ አንድ መቶ። አሁንም አልሞላም» አለች። ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ ባክቴሪያን ቀድመው የሚገጥሙት ነጭ ሴሎች፣ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሲያንሱ ኬሞው ይቆያል። ሕጉ እንዲህ ነው። እኔም ይህን ሕግ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ።

የላብራቶሪ ሰው መሆኔን ነገርኳት፤ ፋይሉን እንዳይ ፈቀደችልኝ። መነጽር ስለሌለኝ ወረቀቱን ወደ መስኮት አርቄ ያዝኩት። ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት የተወሰደው ቁጥር አምስት ሺህ ነበር፤ ከሁለተኛው በፊት ወደ ሁለት ሺህ ወርዷል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ከአንድ ሺህ ትንሽ ከፍ ይላሉ። የመጀመሪያውን ቀን አየሁና ሰዓዳን «ያን ጊዜ እንዴት ነበርሽ?» አልኳት።

«የቀዶ ሕክምናው ቁስል አመርቅዞብኝ ነበር። ትኩሳት ነበረኝ።»

«ዶክተር» አልኩ፣ «አምስት ሺው ጤነኛ ቁጥሯ አይመስለኝም። በቁስሉ የተነሳ ጨምሮ ነው። ምናልባት የሷ ቁጥር ድሮም ይኸው ይሆናል። ዳፊ የሚባለው ተቀባይ ቀይ ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ጤነኛ ሆነው ቁጥራቸው ዝቅተኛ ነው።»

«ስለሱ አንብቤያለሁ» አለች ሐኪሟ። «እዚህ ግን መመርመሪያው የለም። ናሙና አዲስ አበባ ብንልክ ሳምንታት ይፈጃል። ነጭ ሴል የሚያበዛውም መርፌ ጠፍቷል። ተሳስተው ከሆነ ደግሞ የምትሞተው እሷ ናት። በግምት ልሰጣት አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አልተቆጣሁባትም። በሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። «ማስረጃ ቢመጣስ?» አልኳት።

«ጤነኛ ሆና የተመረመረችው ካለ አምጡልኝ። ጤነኛ ወንድም እህት ካላትም የደም ምርመራ እጽፋለሁ። ሐሙስ ተመለሱ።»

በዚያው ቀን ለዳፊው ምርመራ የሚሆን ናሙና ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ስንወጣ ሰዓዳ ደረጃው ላይ ቆመች። «ፋብሪካ ሳለሁ በየዓመቱ ይመረምሩን ነበር» አለች። «ክሊኒኩ ከተዘጋ ቆይቷል። ላብራቶሪው ላይ የነበሩት ጋሽ ግርማ ግን ኮምቦልቻ አሉ። በሕይወት ካሉ።»

ማክሰኞ

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዘን ቦሩ ሜዳ ወጣን። የሰዓዳ ታላቅ ወንድም ጋሼ እንድሪስ የሚኖሩት እዚያው ካለው ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አልፎ፣ ባቄላና ገብስ ከተዘራበት ሜዳ ዳር ነው። እኛ አገር ማሳው በእንሰትና በቡና የተሸፈነ ስለሆነ ሰው ከጎረቤቱ ቤት ተደብቆ ይኖራል። እዚህ የአንዱን ጭስ ሌላው ከሩቅ ያየዋል። ጋሼ እንድሪስ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጥ ያሉ ገበሬ ናቸው። እህታቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ትንሽ ቆይተው ተመለሱ።

«አፈር ስሆን ግቡ» አሉን። ባለቤታቸው የገብስ ቂጣ በቅቤ፣ እርጎና ብዙ እንቁላል አቀረቡ። በኋላ እንደሰማሁት በግ ሊያርዱ ነበር፤ እኔ ክርስቲያን መሆኔን ሲሰሙ «እንግዳዋ ብትተወውም ብትበላውም ትቸገራለች» ብለው በጉን ተዉት። ቃል አልተናገሩም፤ ሥጋ አለመኖሩን እንኳ ልብ እንዳልል እንቁላሉን አበዙት።

የመጣንበትን ስነግራቸው ጋሼ እንድሪስ ክንዳቸውን አዩ።

«እኔ አልታመምሁም። ምን ሊሆን ነው የኔ ደም?»

«ስላልታመሙ ነው ጋሼ። የሰዓዳ ደም በመድኃኒቱ ያነሰ መስሏቸው ነው የመለሷት። የእርስዎ ያለ መድኃኒት ያው ከሆነ፣ ነገሩ የዘር ሊሆን ይችላል።»

«ደሜ ትንሽ ነው ካሉኝስ? እኔም በሽተኛ ሆንሁ ማለት ነው?»

እንዴት እንደምነግራቸው አሰብኩ። ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የምስለውን እዚህ መሳል አልችልም። «እግርዎን እሾህ ሲወጋዎት ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል አይደል?» አልኳቸው። «የተወጋው ሥጋ ጥሪ ይልካል። ጥሪው ዓይን የማያየው ትንሽ ነገር ነው፤ ኬሞካይን ይባላል። ነጩ ሴል ላይ ደግሞ ጥሪውን የሚቀበል ነገር አለ፣ ተቀባይ እንለዋለን። ጥሪው ሲነካው ሴሉ ከደም ሥሩ ወጥቶ ጥሪው ወደ በረታበት ይሄዳል። ቁስል የሚድነው በዚህ ነው። ጥሪው አልቆም ሲል ደግሞ ሴሎቹ ጤነኛውን ሥጋ ይጎዳሉ፤ አንዳንዱ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ አስምም እንዲህ ነው።»

«እንግዲያ ተቀባዩ ጆሮ ነው» አሉ።

«አዎ። ቀይ ሴልም አንድ ዓይነት ተቀባይ አለው። እሱ ግን ጥሪውን ይዞ ያስቀረዋል እንጂ አይሄድም። ከእኛ አገር ሰው ብዙው፣ ከሌላውም አፍሪካ ብዙው፣ ይህ ተቀባይ ቀይ ሴሉ ላይ ከፍጥረቱ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው በደም ሥሩ ሲዞር የሚገኘው ነጭ ሴል ያንሳል። ሴሉ አልጠፋም፤ ወደ ሥጋው ገብቶ ነው ብለው ያስባሉ የሚያጠኑት።»

ጋሼ እንድሪስ ትንሽ አሰቡ። «በሬው በረት ስላልተገኘ ሞተ አይባልም። እርሻ ላይ ይሆናል።» ከዚያ «ግን ለምን የለንም?» አሉ።

«አንድ ዓይነት ወባ ቀይ ሴል ውስጥ የሚገባው በዚያ ተቀባይ ነው። ተቀባዩ የሌላቸው ጥንት ከዚያ ወባ ተርፈው ወለዱ ይባላል። ጨርሶ አይዛቸውም ማለት ግን አይደለም።»

ሌላ አልጠየቁም። ጋቢያቸውን አነሱና አብረውን ወደ ደሴ ወረዱ። ደማቸውን ሰጥተው ውጤቱን ሳይጠብቁ ለዙሁር ሰላት መስጊድ ገቡ። እሳቸው ሲመለሱ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ሺህ ከሰባ። በሕይወታቸው አልጋ ላይ የዋሉት በሬ የረገጣቸው ጊዜ ብቻ ነው።

ማታ ሰዓዳ ቀይ ሥሩን አልጠጣችም። ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች «ምሕረት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ» አለች። «ያ ለጋሼ የነገርሽው ጥሪ፣ ካንሰሩም ይሰማዋል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ይሰማል» አልኳት። «አንዳንዱ የካንሰር ሴል የነጭ ሴልን ተቀባይ ያበቅላል። ንፍፊት፣ ሳንባ፣ አጥንት ጥሪ ሲልኩ ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው መድኃኒቱ እንዲዘገይ የማልፈልገው።»

«እንግዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲሰማ ነበር» አለች።

እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ

ይመር በራሱ ሚኒባስ ኮምቦልቻ አወረደን። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ የሐዋሳ ሙቀት ስለመሰለኝ ደስ አለኝ። የአቶ ግርማን ቤት ያገኘነው አራት ሰው ጠይቀን ነው። ሁሉም «የቸርቹ ሽማግሌ?» እያሉ ነበር የሚያመላክቱን። በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ናቸው። አቶ ግርማ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

ሰዓዳን አወቋት። «የጽሕፈት ክፍሏ ልጅ! ጣቷን ስወጋት ዓይኗን የምትጨፍነው!» ከዚያ ሻሹን አዩና ወንበር አቀረቡላት።

የምንፈልገውን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። የክሊኒኩ መዝገብ ከክሊኒኩ ጋር ጠፍቷል። «አንድ የግሌ ደብተር ግን አለኝ» አሉ፤ ለማለት የከበዳቸው ይመስል ነበር።

«ለምን ያዙት?» አልኳቸው።

አቶ ግርማ እጃቸውን አዩ። «ያን ጊዜ የምንቆጥረው በማይክሮስኮፕ፣ በእጅ ነው። የብዙ ሠራተኛ ነጭ ሴል ከመጽሐፉ ቁጥር በታች ይሆንብኛል። ጤነኞች ናቸው፣ ሸክም የሚሸከሙ ናቸው። ደግሜ እቆጥራለሁ፤ ያው ነው። ማቅለሚያውን ቀየርኩ። መቁጠሪያው መስታወት ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አስመጣሁ። ያው። የበላይ ኃላፊው 'አንተ ነህ የተበላሸኸው' አለኝ። ስለዚህ ሁሉንም በግሌ መመዝገብ ጀመርኩ፣ ስህተቴን ለማግኘት። አላገኘሁትም። በመጨረሻ ሰው ላይ ጉዳት ሳላደርስ ብዬ ሥራውን ለቀቅኩ።»

ደረቅ አድርጌ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ስለ ዳፊው ነገርኳቸው፤ ስለ ጋሼ እንድሪስም ውጤት። «እጅዎ ደህና ነበር ጋሽ ግርማ። የተሳሳተው መጽሐፉ ነው፣ የተጻፈው ከሌላ አገር ሰው ደም ተነስቶ ነው። እኔም ተማሪዎቼ የራሳቸውን ደም ቆጥረው ዝቅተኛ ቁጥር ሲያመጡ 'አልቆጠራችሁም' ብዬ ነጥብ ስቀንስ ኖሬያለሁ።»

አቶ ግርማ መልሰው እጃቸውን አዩ። ወይዘሮ አስቴር ግን ከበሩ አጠገብ «ስለዚያ እጅ ስንት ዓመት እንደጸለይኩ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ደብተሩ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ መነጽር የለኝም። አቶ ግርማ የራሳቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ልኬ አልነበረም፣ ራሴን አዞረኝ፤ ቢሆንም አነበብኩ። ስሙ የተጻፈው በሥራ ክፍል ነው። ጽሕፈት ክፍል የሚለውን ሳገኝ ሰዓዳ ከኋላዬ ቆማ ትተነፍስ ነበር።

ሦስት ዓመት፣ ሦስት መስመር። በአንደኛው ዓመት ነጭ ሴል ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፣ ከመቶው ሠላሳ አራቱ ኒውትሮፊል። እርሳስ ጠይቄ አባዛሁት፤ አንድ ሺህ ሰማንያ ስምንት ሆነ። ሁለተኛው አንድ ሺህ ሰማንያ። ሦስተኛው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሁለት። ዳር ላይ አቶ ግርማ «ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል፣ ጤነኛ ናት» ብለው ጽፈዋል።

ሰዓዳ መስመሩን በጣቷ ነካችው። «ያን ጊዜ እንኳን ልታመም፣ ጉንፋን አላውቅም ነበር» አለች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ድምፅ አላወጣችም።

ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም። ሥጋ ያልነካው አተር ክክና ድንች ቀረበ። አቶ ግርማ ከማዕዱ በፊት ሲጸልዩ «ይህቺን ልጅህን» ብለው ሰዓዳን አነሱ፤ እሷም መዳፏን ከፍታ «አሚን» አለች። ስንወጣ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን። መነጽሩንም እምቢ ብል ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። «እኔ ሌላ አለኝ» አሉ። ይመር መኪናው ውስጥ «ሌላ የላቸውም፣ ቢኖራቸው አድርገውት ይሸኙን ነበር» አለኝ። ተመልሰን መነጽሩን አስረከብናቸው።

ሐሙስ

ሐኪሟ ደብተሩን ገጽ በገጽ አየችው። የሰዓዳን ሦስት መስመሮች በራሷ ስልክ ሒሳብ ማስያ አባዛች፣ የጋሼ እንድሪስን ወረቀት አጠገቡ አስቀመጠች። «ማን ነው የቆጠረው?» አለች። ነገርኳት። «ሦስት ጊዜ ቆጥሯል» አለች ለራሷ።

አዲስ አበባ ላሉ መምህሯ ደወለችና እኛን ወደ ኮሪደሩ አስወጣችን። አግዳሚው ላይ ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቀመጥን። ሰዓዳ መቁጠሪያዋን ታንቀሳቅስ ነበር፤ እኔም በልቤ የምለውን እል ነበር። በሩ ሲከፈት ሐኪሟ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች፤ ቆማ አልተናገረችም።

«ነገ እንሰጥሻለን፣ መጠኑን ሳንቀንስ» አለቻት። «ግን ስሚኝ። ቁጥርሽ የተፈጥሮሽ ነው ማለት መድኃኒቱ አይጎዳሽም ማለት አይደለም። ትኩሳት ከተሰማሽ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ነጋ መሸ ሳትይ ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ» አለች ሰዓዳ። «እስከ ዛሬም እየመጣሁ ነበር።»

ሐኪሟ አንገቷን አቀረቀረች። «አውቃለሁ» አለች።

ዓርብ

ቀዩ መድኃኒት በክንዷ ሲገባ አጠገቧ ነበርኩ። ይመር ለጁምዓ ሄዶ ተመለሰ፤ ከመስጊድ የወጡ ሦስት ጎረቤቶቹም ተከትለውት መጥተው በር ላይ ዱዓ አድርገው ሄዱ። ሰዓዳ ማውራት አልፈለገችም። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን ገልጣ «ቆጮው አልቋል?» አለችኝ።

«ይመር ለጎረቤት አድሎታል።»

«ምስኪን ጎረቤት» አለችና ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት እያስመለሳት እንኳ መናኸሪያ ካልሸኘሁሽ አለች። ከለከልናት። ጋሼ እንድሪስ ከቦሩ ሜዳ አንድ ቋጠሮ በሶ ልከውልኝ ነበር። ሐዋሳ ስገባ ለተማሪዎቼ በጥብጬ አጠጣኋቸው፤ ያን ዕለት የገዛ ደማቸውን አስቆጠርኳቸው፣ ነጥብም አልቀነስኩም።

ከዚያ በኋላ

የዳፊው ውጤት በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ቀይ ሴሏ ላይ ተቀባዩ የለም። ሰዓዳ የቀሩትን አራት ዙሮች በየቀናቸው ወሰደች። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟት ሦስት ቀን ተኝታ ወጣች። ባለፈው ሳምንት የተነሳችው ምስል ላይ አዲስ ነገር አልታየም። ይህን ስጽፍ አለች፤ ከዚያ በላይ ማለት አልችልም። ሦስቱ ሳምንታት ምን እንደወሰዱ ወይም እንዳልወሰዱ የሚያውቅ የለም።

ሐኪሟ ግን ከትናንት ወዲያ ደወለችልኝ። በዚህ መካከል ብዙ ጊዜ ስለተነጋገርን አሁን «አንቺ» ነው የምንባባለው።

«ደብተሩን ለአቶ ግርማ ልመልስ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር» አለች። «ከማስረከቤ በፊት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የማውቀው ስም አገኘሁ።»

«ማን?»

«ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የነበረች ታካሚ ናት። የጡት ካንሰር። ደሟ አነሰ እያልን ሁለት ጊዜ አቆየናት። በሦስተኛው አልመጣችም። ኋላ ማረፏን ሰማን።» ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። «ደብተሩ ላይ ያለው የጤናዋ ቁጥር ከሰዓዳ ትንሽ ቢበልጥም፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ አይደርስም።»

ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«በዚህ ምክንያት ሞተች ማለት አልችልም» አለች። «አይደለም ማለትም አልችልም። ልጅ አለቻት፣ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። እሷም ስትታመም በኛው ቁጥር ይመልሷት ይሆናል። ነገ ልነግራት ልሄድ ነው። ምን ብዬ ልጀምር?»

ከቤታችን ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።

«መጀመሪያ ተቀመጪ» አልኳት። «ቆመሽ አትንገሪያት።»